የታሪክ ማስታወሻ፦ ግንቦት 29፣ 1997 እና የመርሳ ሦስት ፊደላት

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ወደ ግንቦት 29 ቀን 1997 ዓ.ም. ይመልሰናል። ምርጫ 97 ካለፈ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ የአገሩ ሰው ጆሮ ሁሉ ውጤቱ ላይ ነበር። በዚያው ዕለት በካሊፎርኒያ፣ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፣ የአፕል ኩባንያ መሪ ስቲቭ ጆብስ በሶፍትዌር ሠሪዎች በተሞላ አዳራሽ ፊት ቆሞ፣ ማክ ኮምፒውተሮች ፓወር ፒሲ የተባለውን ፕሮሰሰር ትተው ወደ ኢንቴል ሊዞሩ ነው ሲል አስታወቀ። ፕሮሰሰር ማለት የኮምፒውተሩ አንጎል ነው፤ እያንዳንዱ የፕሮሰሰር ዓይነት የሚታዘዘው በራሱ የትእዛዝ ቋንቋ ብቻ ነው። ለአንዱ የተዘጋጀ ፕሮግራም ለሌላው እንግዳ ነው። ስለዚህ በአዳራሹ የተቀመጠው ሰው ሁሉ በልቡ ያሰላው አንድ ነገር ነበር፦ የዓመታት ሥራዬ ምን ሊሆን ነው? ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። ሲነገር የምንሰማው ግን ሁለት ቦታ ላይ የተበላሸ ነው፤ ሁለቱንም ዛሬ ማቃናት እፈልጋለሁ። የመጀመሪያው፣ አፕል ኢንቴልን የመረጠው ለፍጥነት ነው የሚለው ነው። መነሻ አለው። በ2003 ጆብስ ጂ ፋይቭ የተባለውን የፓወር ፒሲ ፕሮሰሰር የያዘ ማሽን ሲያስተዋውቅ በአንድ ዓመት ውስጥ 3 ጊጋኸርዝ እንደሚደርስ ቃል ገብቶ ነበር፤ ሁለት ዓመት አልፎ እንኳ የደረሰው 2.7 ላይ ነው። ግን እሱ ራሱ በመድረኩ ላይ ያቀረበውን ማስረጃ እንመልከት። ያሳየው ሠንጠረዥ የሚናገረው ስለ ኤሌክትሪክ ነበር፦ ለእያንዳንዱ ዋት ፓወር ፒሲ 15 አሃድ ሥራ ይሠራል፣ የኢንቴል መጪ ፕሮሰሰር ደግሞ 70። አሥራ አምስት እና ሰባ! ጂ ፋይቭ ሙቀቱና የኃይል ፍላጎቱ ከፍተኛ ስለነበር አንድም ቀን ላፕቶፕ ውስጥ አልገባም፤ ገበያው ደግሞ ወደ ላፕቶፕ እየሄደ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ዋት ነው። ደግሜ ልበለው፣ ጉዳዩ ዋት ነው።

(አጭር ፋታ)

ሁለተኛው ስህተት ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም እስከ ዛሬ ሰው ያሳስታል። ሶፍትዌሩን ወደ ኢንቴል ማዛወር የሁለት ሰዓት ሥራ ነበር ይባላል። ይህ የመጣው ከራሱ ከመድረኩ ነው። ጆብስ ከወልፍራም ኩባንያ ቴዎ ግሬይን ጠርቶ፣ ማቲማቲካ የተባለው ግዙፍ የሒሳብ ፕሮግራም በአዲሱ ማሽን ላይ ሲሠራ አሳየ፤ የተቀየረውም 20 ያህል መስመር ብቻ እንደሆነ ተነገረ። እውነት ነው፣ ሆኗል። ግን ለምን ሆነ? ማቲማቲካ እኮ ገና ከጥንቱ በብዙ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ታስቦ የተጻፈ ነው፤ በኢንቴል ማሽኖች ላይም ለዓመታት ሲሠራ ኖሯል። ጸሐፊዎቹ ፕሮግራሙን በአንድ ፕሮሰሰር ጠባይ ላይ አላሰሩትም። የአፕልም ጉዳይ እንደዚሁ ነው። የማክ ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተወለደው ከኔክስት ኩባንያ ሥራ ነው፤ የኔክስት ሲስተም ደግሞ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአራት ዓይነት ፕሮሰሰር ላይ ይሠራ ነበር፤ አንዱ ኢንቴል ነው። ጆብስ በዚያ ቀን ሲስተሙ ላለፉት አምስት ዓመታት በምስጢር ለኢንቴልም ጭምር ሲዘጋጅ መቆየቱን ገለጠ፤ ተመልካቹ እስከዚያች ደቂቃ ሲያየው የነበረው ማሽንም ፔንቲየም 4 የተገጠመለት ነበር። የሁለት ሰዓቷ ሥራ የብዙ ዓመት ዝግጅት ነበረች።

ያልተዘጋጁትስ? ኮድዋሪየር በተባለው የሌላ ኩባንያ መሣሪያ ሲጽፉ የኖሩት፣ መጀመሪያ ሥራቸውን ነቅለው የአፕል የራሱ ወደሆነው ኤክስኮድ ማስገባት ነበረባቸው፤ ይህ ለትልቅ ፕሮግራም የወራት ጣጣ ነው። አዶቢ በዚያው መድረክ ድጋፉን ገልጾ ነበር፤ ፎቶሾፕ የአሮጌውን ፕሮሰሰር ትእዛዝ ለኢንቴል የሚተረጉም አስተርጓሚ ሳያስፈልገው በኢንቴል ማክ ላይ የሠራው ግን በ2007 ጸደይ ነው። የማይክሮሶፍት ኦፊስ እስከ ጥር 2008 ቆየ፤ ሲመጣም የኤክሴል ተጠቃሚዎች ለዓመታት የጻፏቸው ማክሮዎች፣ ማለትም ተደጋጋሚ ሥራን የሚያቀሉ ትናንሽ ፕሮግራሞች፣ አይሠሩም ነበር፤ የማክሮው ሞተር ከፓወር ፒሲ ትእዛዞች ጋር ተጣብቆ የተሠራ ስለነበር ኩባንያው ለጊዜው ጥሎት አለፈ። ማክሮዎቹ የተመለሱት በ2011ዱ እትም ነው። እንግዲህ አስተውሉ፤ ቀኑ አንድ፣ ፕሮሰሰሩ አንድ፣ ማስታወቂያው አንድ። አንዱን ሁለት ሰዓት ፈጀበት፣ ሌላውን ዓመታት። ልዩነቱን ያመጣው ፕሮግራሙ ከለውጡ በፊት የተጻፈበት መንገድ ነው። የዛሬው ክርክሬ በሙሉ ይኸው ነው፤ ወደ ፊደላችን ሳመጣው ደግሞ ይበልጥ ይጠራል።

መርሳ የሚለውን የአካባቢያችንን ከተማ ስም እንውሰድ። መ፣ ር፣ ሳ። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ሦስተኛ እትም ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ተሰጠው፤ የ‹መ› ቁጥር 1218 ነው፣ የ‹ሳ› 1233። አንደኛው የአጻጻፍ ዘዴ እያንዳንዱን ቁጥር በሁለት ባይት፣ ማለትም በሁለት ትናንሽ የማስታወሻ ክፍሎች፣ ያስቀምጠዋል፦ ለ‹መ› አንድ 12፣ አንድ 18። ችግሩ እዚህ ጋ ነው፤ ፓወር ፒሲ ማክ 12ቱን አስቀድሞ ያስቀምጣል፣ ኢንቴል 18ቱን ያስቀድማል። የአንድን ሰው ስምና የአባቱን ስም አገላብጦ እንደመመዝገብ ነው፤ ሁለቱም ስሞች አሉ፣ የተጠራው ግን ሌላ ሰው ነው። ፕሮግራሙ ቅደም ተከተሉን ሳያጣራ የቆየውን ፋይል ቢያነብ 1218 ለእሱ 1812 ይሆናል፤ 1812 ደግሞ በመዝገቡ የሞንጎሊያ ቁጥር ሁለት ነው። ‹ር› የጆርጂያ ፊደል ይሆናል። የ‹ሳ› 1233 ተገልብጦ 3312 ሲሆን ደግሞ የጃፓን ጽሑፍ ሆኖ ያርፋል። መርሳ በሦስት አገር ተበተነች! ወልድያም አትድንም፤ ‹ወ› የኮሪያ ቃለ ድምፅ፣ ‹ል› የሕንዱ የማላያላም ቋንቋ ፊደል ይሆናሉ፤ ‹ድ› እና ‹ያ› ማንም የራሱን ምልክት እንዲያስቀምጥበት ክፍት ወደተተወ ቦታ ይሄዳሉ። ባይቶቹ ሁሉ እዚያው አሉ፤ አንድም አልጠፋም። የጠፋው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያስቆጠርኳችሁ ለማስደነቅ ብቻ አይደለም። መዝገቡን ያዘጋጁት ሰዎች ይህ እንደሚመጣ ያውቁ ነበር። በፋይሉ መጀመሪያ ላይ ቅደም ተከተሉን የሚናገር ምልክት እንዲቀመጥ ፈቅደዋል፤ ዛሬ በኢንተርኔትና በስልክ የምንጠቀምበት ዩቲኤፍ ኤይት የተባለው ዘዴ ደግሞ እያንዳንዱን የግዕዝ ፊደል በሦስት ባይት ያስቀምጣል፣ የሦስቱ ተራም በየትኛውም ፕሮሰሰር ላይ አይለወጥም። ደንቡን የተከተለ ፕሮግራመር መርሳን ወደ ኢንቴል ሲያሻግር አንዲት ፊደል አልጎደለችበትም። ባይቱን በቀጥታ፣ የኔ ማሽን ሁሌም እንዲህ ነው ብሎ ያስቀመጠው ግን ከነጽሑፉ ተሰናከለ።

አሁን አንድ ተቃውሞ ይነሳል፤ ተገቢም ነው። እኛ አካባቢ ማክ የሚጠቀም ስንት ሰው አለ፣ ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም ወይ? እጃችሁ ላይ ያለውን ስልክ ተመልከቱ። በውስጡ ያለው ፕሮሰሰር አርም ከተባለው ቤተሰብ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ዴስክቶፕ በአብዛኛው የኢንቴል ቤተሰብ ነው። ከሀብሩ በስልክ የተጻፈ የአማርኛ መልእክት ወልድያ ላይ በኮምፒውተር ሲከፈት በየቀኑ ከአንድ የፕሮሰሰር ዓይነት ወደ ሌላ ይሻገራል። ማንም ልብ አይለውም፤ ልብ የማይባለውም ፊደሉ በስምምነት ቁጥር ስለተጻፈ ነው። በአንጻሩ፣ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ሰነድ ውስጡ የተቀመጠው የላቲን ፊደል ቁጥር ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የሚታየውን ዝብርቅርቅ በየጽሕፈት ቤቱ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሰነድ እንዳይነበብ ፕሮሰሰር መለወጥ እንኳ አያስፈልግም።

ሌላም ተቃውሞ አለ፤ ይህኛው ይከብዳል። ሸክሙን ለምን ፕሮግራመሩና ገዢው ይሸከሙታል? ለውጡን የወሰነው አፕል ነው። በዚህ እስማማለሁ። አፕል ለሽግግሩ ሮዜታ የተባለ አስተርጓሚ አቀረበ፤ በአሮጌው ቋንቋ የተጻፈውን ለኢንቴል እየተረጎመ ያሠራ ነበር። ይህ ለዘላለም አልቆየም፤ በ2011 ከሲስተሙ ወጣ። ለማክ ኦኤስ 9 የተጻፉት የድሮ ፕሮግራሞችማ በኢንቴል ማክ ላይ ከመጀመሪያውም ቦታ አልነበራቸውም። ገንዘብ ከፍሎ ፕሮግራም የገዛ ሰው ሰሪው ኩባንያ ስለተዘጋ ብቻ ሥራው ሲቀርበት፣ ይህ በደል ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን የበደሉ መኖር ክርክሬን ያጠናክረዋል። አምራቹ ሳያማክራችሁ ሊዞር የሚችል ከሆነ፣ በእጃችሁ ያለው መከላከያ ሥራችሁን በአንድ አምራች ጠባይ ላይ አለማሰር ነው። በ2020 አፕል እንደገና ዞረ፤ አሁን ከኢንቴል ወደ ራሱ አርም ፕሮሰሰሮች። አሁንም አዲስ አስተርጓሚ፣ አሁንም አዲስ ሥራ። የባይቱ ቅደም ተከተል በዚህኛው ጊዜ አልተለወጠም፤ በመጀመሪያው ሽግግር ፕሮግራማቸውን ያጸዱት ሁለተኛውን በቀለለ ሸክም አለፉት።

አድማጮቻችን፣ በየወረዳው ጽሕፈት ቤት፣ በየትምህርት ቤቱ፣ በየማተሚያ ቤቱ በድሮ ፎንት የተጻፈ ደብዳቤ፣ የተማሪ መዝገብ፣ ቃለ ጉባኤ ወይም የመጽሐፍ ረቂቅ ያላችሁ፣ እነዚያን ፎንቶች የሚያነበው አሮጌ ኮምፒውተር ገና ሲበራ ወደ ዩኒኮድ አዛውሯቸው። የተዛወረውን ከዋናው ጋር መስመር በመስመር አመሳክሩ፤ ዋናውንም ቅጂ አታጥፉት። ሥራውን ዘንድሮ ጀምሩት።