የሕክምና አጠቃቀም ፈቃድ (ስፖርት)

የሕክምና አጠቃቀም ፈቃድ፣ የዶፒንግ ምርመራ የሚደረግለት ስፖርተኛ በተከለከሉ ቅመሞች ዝርዝር ውስጥ ያለን መድኃኒት ለሕመሙ እንዲወስድ የሚሰጠው የጽሑፍ ፈቃድ ነው። መሠረቱ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ሕግ ነው። በኢትዮጵያ ማመልከቻው ለአገሪቱ ፀረ-ዶፒንግ ባለሥልጣን ይቀርባል፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚወዳደር ግን ለስፖርቱ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ያመለክታል።

ፈቃዱ የሚሰጠው ሕመሙ በሕክምና ማስረጃ ሲረጋገጥ፣ መድኃኒቱ ጤናን ከመመለስ ያለፈ ብቃት የማይጨምር ሲሆንና ሌላ ተስማሚ ሕክምና ሲታጣ ነው። ቅጹ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠን፣ አወሳሰድና የሚወሰድበትን ጊዜ ይይዛል፤ ሐኪሙ ይፈርምበታል፣ የምርመራ ውጤቶችም ይያያዙበታል። በውድድር ወቅት ብቻ ለተከለከለ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለሕመም ማስታገሻው ትራማዶል፣ ማመልከቻው ከውድድሩ ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ ይቀርባል። የባለሥልጣኑ ወይም የፌዴሬሽኑ የሐኪሞች ኮሚቴ የተሟላ ማመልከቻ በደረሰው በ21 ቀን ውስጥ ይወስናል። በድንገተኛ ሕክምና ጊዜ ወደ ኋላ የሚሠራ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። በመተንፈሻ የሚወሰደው የአስም መድኃኒት ሳልቡታሞል ግን በ24 ሰዓት ከ1600፣ በ8 ሰዓት ከ600 ማይክሮግራም እስካላለፈ ፈቃድ አያሻውም።

ሯጮቹን ኃይሌ ገብረ ሥላሴንና ደራርቱ ቱሉን ባፈራው አርሲ፣ እንደ አቦምሳ ባሉ ከተሞች ለሚሠለጥኑ ወጣቶች የማዘዣ ወረቀትና የላቦራቶሪ ውጤት ቅጂ ማስቀመጥ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ያለ ሕክምና ማስረጃ ማመልከቻው የተሟላ አይሆንም። ናሙና ሲሰጥ ባለፉት 7 ቀናት የተወሰደን መድኃኒት በምርመራው ቅጽ ላይ ማስመዝገብ ፈቃዱን አይተካም።