የስድስት ኪሎ አንበሶችና ሁለቱ እናቶቻቸው

ከጊዳ አያና፣ ከነቀምቴ ወይም ከጊምቢ አዲስ አበባ የገባን እንግዳ ዘመዶቹ «ከተማውን እናሳይህ» ብለው ይዘውት ከሚዞሩባቸው ቦታዎች አንዱ ስድስት ኪሎ ያለው አንበሳ ግቢ ነበር። እንግዳው በፍርግርጉ በኩል ጥቁሩን ጎፈር አይቶ፣ ግሣቱን ሰምቶ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ይመለስ ነበር። እነዚያ አንበሶች ከየት መጡ፣ ማን ከማን ተወለደ የሚለውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነበር። የአንበሶቹ ዕጣ የተንጠለጠለው በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

ግቢውን እ.ኤ.አ. በ1948 ያቋቋሙት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው። የዘሩ መነሻ የሆኑት ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ ሰባት አንበሶች ሲሆኑ አምስቱ ወንድ፣ ሁለቱ ሴት ነበሩ። ሁለት እናቶች ብቻ! በጄኔቲክስ ስሌት፣ አምስት ወንድና ሁለት ሴት ያሉበት መንጋ ለልጆቹ የሚያወርሰው የዘር ስብጥር፣ ሦስት ወንድና ሦስት ሴት ካሉበት መንጋ እንኳ ያንሳል። ከዚያ በኋላ የሚወለደው ሁሉ እርስ በርሱ ዘመድ ነው። አዲስ ደም ካልገባ እህትና ወንድም፣ አባትና ልጅ መገናኘታቸው አይቀርም። ውጤቱም በየትውልዱ የደቦሎች ሞት፣ የመውለድ ድክመትና የበሽታ መቋቋም አቅም ማነስ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው አንበሳን በግቢ ማራባት የሚከብደው አልወልድ ስለሚል ይመስለዋል። ነገሩ ተቃራኒው ነው። እንስቷ የምታረግዘው ለ110 ቀናት ያህል ነው፤ ብዙውን ጊዜም ከሁለት እስከ አራት ደቦል ትወልዳለች። ደቦሎቹ ከሞቱባት ወይም ከተወሰዱባት ብዙም ሳትቆይ እንደገና ለመፀነስ ትዘጋጃለች። የሚጎድለው ቦታው፣ ሥጋውና ዕቅዱ ነው። ይህ ጉድለት የት እንደሚያደርስ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ በሚያሳዝን መልኩ ታየ። ግቢው ቦታና ገንዘብ ስላጣ ደቦሎችን በመርዝ እየገደለ ሬሳቸውን ለቆዳ አድራቂዎች እንደሚሸጥ ኃላፊዎቹ ራሳቸው ለዜና ሰዎች ተናገሩ። የአገር ዓርማ፣ በሳንቲማችን ላይ ፊቱ የተቀረጸ እንስሳ፣ ለመኖሪያ የሚሆን ጥቂት ሜትር መሬት አጥቶ ተገደለ። ጥፋቱ የጠባቂዎቹ ብቻ አልነበረም። የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ወንዱን ከሴቷ የሚለይ ሰፊ ግቢና ትርፉን የሚቀበል ሌላ ማዕከል ባልተዘጋጀበት እንዲባዙ የተዋቸው ሁሉ ተጠያቂ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012፣ በእንግሊዝ የዮርክ ዩኒቨርሲቲና በጀርመን የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች የተሳተፉበት ጥናት ታተመ። ከግቢው አንበሶች የ15ቱን ዘረ መል መርምሮ፣ እስከዚያ መረጃ ከተሰበሰበላቸው የሌላ አገር አንበሶች ሁሉ የተለዩ ሆነው አገኛቸው። እስከ ደረትና ሆድ የሚወርደው ጥቁር ጎፈራቸውም ሲያስደንቅ የኖረ ነው። በመርዝ ሲጠፋ የነበረው እንግዲህ ይህ ዘር ነበር።

ዘርን ሳያጣሩ ማራባት ምን እንደሚያስከትል አሜሪካኖች በህንድ አንበሳ ላይ አይተውታል። የመራቢያ መርሐ ግብራቸው ዋና መሥራቾች አምስት እንስሳት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ዘራቸው ሲመረመር ሁለቱ፣ ያውም ብዙ የወለዱት ጥንዶች፣ ከአፍሪካ አንበሳ የመጡ ሆነው ተገኙ። የዓመታት ድካም መና ቀረ። ለዚህ ነው ዛሬ እያንዳንዱ ደቦል የተወለደበት ቀን፣ እናቱና አባቱ የሚጻፉበት የዘር መዝገብ ከመኖሪያቸው ግንባታ በፊት የሚታሰበው።

ትርፉን ዱር እንልቀቀው የሚሉ አሉ። በሰው እጅ ያደገ አንበሳ ግን አድኖ መብላትን ከእናቱ አልተማረም፤ ሰውንም አይፈራም፤ ሲርበው የሚቀርበው የገበሬው በረት ነው። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ ሲገባ መንገድ ላይ በምትገኘው ሆለታ አቅራቢያ፣ ቦርን ፍሪ የተባለው ድርጅት የሚያስተዳድረው የእንስሳት ማገገሚያ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ አንበሶችን ዕድሜ ልክ የሚጦረው በዚሁ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2016 በአማራ ክልል፣ ሱዳን ድንበር ላይ ባለው አላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው በካሜራና በኮቴያቸው ተረጋግጧል። የዱሩ አንበሳ ገና አላለቀም። የግቢው ዘር መጠባበቂያ እንጂ የዱሩ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ ለጥበቃ የሚውለው ገንዘብም መጀመሪያ መሄድ ያለበት ወደ ዱሩ ነው።

የሰባቱ መሥራቾች መነሻ የሚገለጸው «ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ» በሚል ሰፊ አነጋገር ነው። ለዘር መዝገብ ይህ አይበቃም። በጊዳ አያና፣ በአንገር ሸለቆና በዲዴሳ ዳር ያላችሁ አባቶችና እናቶች፣ አንበሳ የት ይታይ እንደነበር፣ መቼ እንደጠፋ የምታውቁትን በልጆቻችሁ አስጽፉ። በቤቱ የአንበሳ ቆዳ ወይም ጎፈር ያቆየ ቤተሰብም ንብረቱን አይጣል፤ ከአሮጌ ቆዳ እንኳ ዘረ መል ይወጣል። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ እዚያው ነቀምቴ ነው፤ ሂዱና ለተመራማሪዎቹ አሳዩ።