የባቡር ጣቢያና የአውሮፕላን ማረፊያ ትስስር

የባቡር ጣቢያና የአውሮፕላን ማረፊያ ትስስር ማለት መንገደኛ ከባቡር ወርዶ አውሮፕላን፣ ወይም ከአውሮፕላን ወርዶ ባቡር፣ በመካከሉ ታክሲ ወይም አውቶቡስ ሳይፈልግ የሚሳፈርበት አሠራር ነው። ፈጣን ባቡር ባላቸው አገሮች ጣቢያው አብዛኛውን ጊዜ ከመንገደኞች ሕንፃ ሥር ወይም አጠገብ ይሠራል። በኢትዮጵያ እስካሁን እንዲህ ያለ ጣቢያ የለም። ጥያቄው ግን በሁለት ቦታዎች ይነሣል። አንደኛው በአዲስ አበባና በአዲሱ የቢሾፍቱ አውሮፕላን ማረፊያ መካከል የታቀደው ፈጣን ባቡር ነው። ሁለተኛው ከወረታ ተነሥቶ በአዘዞ በኩል መተማ እንዲደርስ የታሰበው መስመር ሲሆን፣ የምዕራብ ጎንደር ዞንን ማለትም የመተማን፣ የቋራንና የአብርሃ ጅራን ቆላ የሚመለከተው ይኸኛው ነው።

አሠራሩ

ፈጣን ባቡር የሚባለው በአዲስ ሐዲድ ላይ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ በታደሰ ሐዲድ ላይ ደግሞ ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነው። ይሁንና ትስስሩን የሚወስነው የባቡሩ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ጣቢያው ከመፈተሻው በእግር ስንት ደቂቃ ይርቃል? የባቡሩ ሰዓት ከበረራው ሰዓት ጋር ይገጥማል? በአንድ ትኬት መጓዝ ይቻላል? ባቡሩ ቢዘገይና በረራ ቢያመልጥ ኃላፊነቱን የሚወስደው ማን ነው? እነዚህ ካልተመለሱ ባቡሩ በመንገድ ላይ ያተረፈው ጊዜ ሻንጣ በመጎተት ያልቃል።

ለዚህ የሻንግሃይ ከተማ ጥሩ ማስረጃ ናት። ከፑዶንግ አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣው በማግኔት የሚንሳፈፍ ባቡር በሰዓት እስከ 431 ኪሎ ሜትር እንዲሮጥ ተሠርቶ 30 ኪሎ ሜትሩን በ8 ደቂቃ ገደማ ይጨርስ ነበር። የሚያቆመው ግን ከከተማው መሐል ርቆ በመሆኑ መንገደኛው ወርዶ እንደገና የከተማ ባቡር መያዝ አለበት። በዚያው ከተማ በ2002 ዓ.ም. (2010 እ.ኤ.አ.) የተከፈተው የሆንግቺያው ፈጣን ባቡር ጣቢያ ደግሞ ከአውሮፕላን ማረፊያው ጎን ስለተሠራ ሽግግሩ በእግር ነው።

በአውሮፓ ቀደምት ከሆኑት መካከል በ1994 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ሻርል ደ ጎል ሁለተኛ ተርሚናል ሥር የተከፈተው ጣቢያ አንዱ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የተከፈተው የፍራንክፈርት የረጅም ርቀት ጣቢያ ከዚህ አንድ እርምጃ ሄዷል፤ ባቡሩ የበረራ ቁጥር ተሰጥቶት ከአውሮፕላን ትኬት ጋር አብሮ ይሸጣል። ከኮሎኝ ወደ ፍራንክፈርት ሉፍታንዛ ያደርገው የነበረው አጭር በረራም በባቡር ተተክቷል። በሳዑዲ ዓረቢያ መካንና መዲናን የሚያገናኘው የሐረመይን ባቡር በጅዳ አውሮፕላን ማረፊያ ጣቢያ አለው። በአፍሪካ ደግሞ በደቡብ አፍሪካ የኦሊቨር ታምቦ አውሮፕላን ማረፊያን ከሳንድተን የሚያገናኘው ጋውትሬን ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለግላል። ፍጥነቱ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ስለሆነ በጥብቁ ትርጉም ፈጣን ባቡር አይባልም፤ ሥራውን ግን ይሠራል።

በኢትዮጵያ

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የመጀመሪያ መስመሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሁለቱ መስመሮች ተደምረው 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆኑ፣ በአያትና በጦር ኃይሎች፣ በምኒልክ አደባባይና በቃሊቲ መካከል ይሠራሉ። ከሁለቱ አንዱም ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አይገባም። ሻንጣ የያዘ መንገደኛ ከመስቀል አደባባይ ወይም ከመገናኛ ታክሲ መያዝ አለበት።

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡርም እንዲሁ ነው። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ይህ መስመር ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። የመንገደኛ ባቡር ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ነው። የአዲስ አበባው ጣቢያ በከተማው ደቡብ ምዕራብ፣ ለቡ ላይ ይገኛል። ቦሌ በሌላው አቅጣጫ ነው። የሚገርመው፣ በዚህ መስመር ላይ ለአውሮፕላን ማረፊያ ቅርብ የሆነው ጣቢያ በኢትዮጵያ ሳይሆን በጅቡቲ የሚገኘው ናጋድ ነው።

ሁኔታውን ሊለውጥ የሚችለው ጥር 2 ቀን 2018 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተቀመጠው የቢሾፍቱ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚሠራ ሲሆን፣ በመጀመሪያ ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን፣ በመጨረሻም 110 ሚሊዮን መንገደኞችን እንዲያስተናግድ ታቅዷል። ንድፉን የሠራው የዛሃ ሃዲድ የሥነ ሕንፃ ድርጅት ነው። ከከተማውና ከቦሌ ጋር በፈጣን ባቡር እንደሚገናኝ ተገልጿል። ከመንገደኞቹ 80 በመቶ ገደማው ከአውሮፕላን ወደ አውሮፕላን የሚሸጋገሩ ይሆናሉ ተብሎ ስለተገመተ፣ ባቡሩን የሚፈልጉት ቀሪዎቹ ብቻ ይመስሉ ይሆናል። ነገር ግን በእቅዱ መሠረት ቦሌ ለአገር ውስጥ በረራ ከቀረ፣ ከጎንደር፣ ከጅማ ወይም ከጅግጅጋ መጥቶ ወደ ውጭ የሚበር ሰው ሁሉ በሁለቱ ማረፊያዎች መካከል መመላለስ ግዴታው ይሆናል። ለክፍለ ሀገር መንገደኛ ይህ ባቡር ቅንጦት አይደለም፤ የጉዞው መካከለኛ ክፍል ነው።

የወረታ–አዘዞ–መተማ መስመር

በኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ብሔራዊ የባቡር መረብ እቅድ ውስጥ ከወረታ በአዘዞ አድርጎ መተማ የሚደርስ 244 ኪሎ ሜትር መስመር ይገኛል። ይህ መስመር ብቻውን የሚቆም አይደለም። በምሥራቅ በኩል ከወልድያ፣ ከዚያም ከአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር ጋር ይያያዛል ተብሎ የታሰበ ነው። የኋለኛው ወደ 390 ኪሎ ሜትር ሲሆን ግንባታው በ2007 ዓ.ም. ቢጀመርም መደበኛ አገልግሎት ሳይሰጥ ቆይቷል። ስለዚህ የመተማው መስመር ዕጣ ከሩቅ ይወሰናል ማለት ነው።

የመስመሩ ልዩ ነገር አዘዞን መርገጡ ነው። የጎንደር ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በዚሁ በአዘዞ በኩል፣ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ነው። የባሕር ዳር–ጎንደር አውራ ጎዳና በዚያው ያልፋል፤ የመተማው አስፋልትም ከአዘዞ ይገነጠላል። ከወረታ የሚመጣ ሐዲድ ማረፊያው አጠገብ የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ማለፍና ማቆም ግን የተለያዩ ናቸው። ጣቢያው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ቢተከል የለቡ ታሪክ ይደገማል። ቦታው አስቀድሞ ካልተያዘ ደግሞ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ያለው ሐዲድ በማኮብኮቢያ ጫፍ ፊት ለፊት ሲያልፍ በቂ ርቀት ወይም ዋሻ ይፈልጋል፤ በማረፊያ ዙሪያ ያለ መሬትም ቶሎ በቤት ይሞላል።

ይህን መስመር ፈጣን ባቡር ማድረግ ግን አሳማኝ አይደለም። የጎንደር ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ መተማ ዮሐንስ ከ800 ሜትር በታች ናት። በመካከል ያለው የጭልጋ ደጋ ወደ ቆላው የሚወርደው በጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። ከባድ ጭነት የሚስብ ባቡር ከ2 በመቶ ያልበለጠ ዳገት ስለሚፈልግ ሐዲዱ መዞር ወይም ተራራ መብሳት ይኖርበታል። የቆላው ዋና ጭነት ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ ነው። በአረምና በአጨዳ ወቅት ከደጋው የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ቁጥሩ ብዙ ነው፤ እሱን የሚጠቅመው ርካሽ ባቡር እንጂ የአውሮፕላን ትኬት አይደለም። የአውሮፕላን ማረፊያው ትስስር የሚያስፈልገው ለታማሚ፣ ለነጋዴ፣ ለተማሪና ከውጭ አገር ለሚመለስ ሰው ነው።

ድንበሩን ተሻግሮ ከሱዳን ባቡር ጋር መገናኘትም ታስቦ ነበር። ገዳሪፍ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ጣቢያ አላት። ሆኖም የሱዳን ነባር ሐዲድ ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር፣ የኢትዮጵያ አዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ አንድ ባቡር በሁለቱም አይሄድም። ኢትዮጵያና ሱዳን እስከ ፖርት ሱዳን የሚደርስ አዲስ መስመር ለማስጠናት ከአፍሪካ ልማት ባንክ ድጋፍ አግኝተው ነበር፤ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ በሱዳን ፈነዳ። የካርቱም አውሮፕላን ማረፊያ በመጀመሪያው ቀን የውጊያ ቦታ ሆነ። በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሱዳናውያንና የሌሎች አገሮች ዜጎች በገላባት አድርገው መተማ ገቡ። ከዚያ ወደፊት ለመብረር ለሚፈልግ የሚቀርበው የጎንደር ማረፊያ ነበር፤ መንገዱም በዳገቱ ላይ የሚወጣው ያው አስፋልት ብቻ ነው።

አብርሃ ጅራ

የምዕራብ አርማጭሆ ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው አብርሃ ጅራ ከታሰበው መስመር በስተሰሜን ስለምትገኝ ባቡሩ ቢሠራም ሐዲዱ አይደርሳትም። ለከተማዋ ቅርብ የሆኑት አውሮፕላን ማረፊያዎች በሰሜን የሑመራ፣ በምሥራቅ የጎንደር ናቸው። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በሳንጃ በኩል ወደ ደጋው ይወጣል። ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ ማረፊያው ለመድረስም አዘዞን ማለፍ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከአብርሃ ጅራ ተነሥቶ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የቢሾፍቱው እቅድ ሲፈጸም በአውቶቡስ ጎንደር ይደርሳል፤ በአውሮፕላን ቦሌ ያርፋል፤ ከቦሌ በባቡር ወደ ቢሾፍቱ ያልፋል።