የጦቢያ ሠርግና የእቴጌ እሌኒ ጋብቻ

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ያሳተሙት፣ በኋላ «ጦቢያ» የተባለው ልብ ወለድ ዘመኑ በውል ባልተለየ ጥንታዊ ዓለም የተፈጸመ ነው። በፍጻሜው አረመኔው ንጉሥ በጦቢያ ፍቅር ተሸንፎ ክርስትና ይነሣል፤ ያገባታልም። ወንድሟ ዋሕድም ከንጉሡ ዘመድ ጋር ይጋባል።

በታሪክ የሚገኘው ግን ተገላቢጦሹ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (እ.ኤ.አ. 1434–1468) ያገቧቸው እሌኒ የሐድያው ሙስሊም ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ ነበሩ። ሃይማኖት የለወጡት ሙሽራዪቱ ናቸው፤ ጋብቻውም ሐድያን ከዙፋኑ ጋር ማሰሪያ እንጂ የፍቅር ድል አልነበረም። ዜና መዋዕሉ የሚተርከው «ቀኝ በአልቲሐት» መባላቸውን፣ ማለትም ማዕረጋቸውን ነው።

መልካ ወረር የሚሠራ ባልደረባ ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም። በአፋሮች ዘንድ «አብሱማ» የሚባለው ወግ ወንዱ የአባቱን እኅት ልጅ እንዲያገባ ያዛል፤ የልጅቱም ፈቃድ አብዛኛውን ጊዜ ከዝምድናው ኋላ ይቆማል። ይህን መሰሉን ጭንቅ ደራሲው በሠርግ ዘፈን አልፎታል።

ጦቢያ ከሠርጉ ወዲያ ታሪክ የላትም። እሌኒ ግን ከባላቸው ሞት በኋላ ለሕፃኑ ልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው አገር አስተዳደሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1509ም ማቴዎስን ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላኩ።