የዶርዜ ጥለትና የማይፋቀው መዝገብ

የአንድ ኅብረተሰብ ኪነ ጥበብ ከሥራውና ከአኗኗሩ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ለዚህም አማርኛ ራሱ ምስክር ነው። ሠዓሊው የሚራቀቅበትንም፣ ሸማኔው በቀሚስና በነጠላ ጫፍ ላይ በቀለም ፈትል የሚያወጣውንም በአንድ ቃል «ጥበብ» ይላቸዋል። ይሁን እንጂ የፊተኛው የሠሪውን ፊርማ ይዞ ሲዘልቅ የኋለኛው ለዘመናት ያለ ስም ኖሯል። ብሎክቼይን የተባለው የመዝገብ ስልት ለከያንያን ሁሉ የማይፋቅ የባለቤትነት ማስረጃ እሰጣለሁ በሚልበት በዛሬው ዘመን፣ የዚህ ልዩነት ታሪክ ሊመረመር ይገባዋል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወጣው መንገድ ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ቆላ ተነሥቶ እንሰትና ቀርከሃ ወደሚበቅልበት የጋሞ ደጋ ያደርሳል። የዶርዜ አገር ይህ ነው። ጥጡ ከቆላ ይመጣል፤ ሴቷ በእንዝርት ትፈትለዋለች፤ ወንዱ ይሸምነዋል። ልጁ ሙያውን የሚማረው ከአባቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ በመጀመሪያ ማጉን በቀሰም ላይ በማጠንጠን ነው። ጥለት በወረቀት ላይ አይነደፍም። ሸማኔው ድሩን በጣቱ እየቆጠረ፣ የቀለሙን ፈትል በየቦታው እያስገባ፣ ከልቡ ያወጣዋል። ስለዚህ የአንድ ጥለት ደራሲ ማን እንደ ሆነ ቢጠየቅ መልሱ ቀላል አይደለም፤ አባትም አያትም ጎረቤትም ድርሻ አላቸው። ሠዓሊ በሥዕሉ ጫፍ ይፈርማል፤ ሸማኔ ግን የት ይፈርም? ጫፉን ጥለቱ ራሱ ይዞታል።

በጋሞ ደጋ ሽመና የሚያሳፍር ሥራ አልነበረም። በዚያ ከማኅበረሰቡ ጉባኤ ተገልለው የኖሩት ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ናቸው፤ ይህም ያለ ሐፍረት ሊነገር የሚገባው የአገሩ የራሱ በደል ነው። የሸማኔው ሁኔታ የተለወጠው በ19ኛው ምዕት ዓመት ማብቂያ ጋሞ በምኒልክ መንግሥት ሥር ከዋለ በኋላ ነው። ብዙ ሸማኔዎች ወደ አዲሲቱ ከተማ ወደ አዲስ አበባ ተጓዙ፤ ከእንጦጦ ግርጌ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ሰፈሩ። ባላባቱ የእጃቸውን ሥራ እየለበሰ እጃቸውን ናቀ። ፈትሉን የሚያቀርበው፣ ዋጋውን የሚቆርጠውና ሸማውን ለገዢ የሚያደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ነጋዴው ስለ ነበረ፣ ሸማው መቁረጫው ላይ ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ የሸማኔው ስም ከገበያው ወጣ። ኋላ በፋብሪካ የታተመ፣ ጥለት የሚመስል ጨርቅ ከውጭ እየገባ በርካሽ ሲሸጥ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ የሚከስ ያልተገኘው ስሙ ቀድሞ ስለ ጠፋ ነው።

ሕጉስ ምን አደረገ? በአዋጅ ቁጥር 123/1987 የኢንዱስትሪ ንድፍ ጥበቃ የሚያገኘው አዲስ ሲሆን ነው፤ ከአያት የወረደ ጥለት ደግሞ አዲስ ሊባል አይችልም። በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር በተደረሰው ስምምነት የሲዳሞ፣ የሐረርና የይርጋጨፌ የቡና ስሞች የኢትዮጵያ ንብረትነት እውቅና አገኙ። ለዶርዜ ጥለት ግን እንዲህ ያለ ክርክር በዓለም አደባባይ አልተነሣለትም።

ብሎክቼይን የመጣው በዚህ ክፍተት ላይ ነው። መነሻው ከሚወራው ይልቅ ይቀድማል። በ1983 ዓ.ም. ስቱዋርት ሃበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አንድ ሰነድ መቼ እንደ ተጻፈ ሊካድ በማይችል መንገድ የሚመሰክር ስልት አቀረቡ። እያንዳንዱ መዝገብ የቀደመውን መዝገብ አሻራ ስለሚይዝ፣ አንድ ማግ የመዘዘ ሸማውን ሁሉ እንደሚያበላሽ፣ አንዱን የለወጠ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ ያፈርሳል። ስልቱን በሥራ ላይ ያዋለው ድርጅታቸው አሻራውን በየሳምንቱ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ያሳትም ነበር፤ ምስክሩ የአደባባይ አንባቢ ሆነ ማለት ነው። ቢትኮይን በ2001 ዓ.ም. ይህንኑ ሐሳብ ለገንዘብ አዋለው። በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ቢፕል የተባለው አሜሪካዊ ከያኒ በብሎክቼይን የተመዘገበ ሥራው በክሪስቲስ ጨረታ ከ69 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። በዓመቱ ገበያው ቢወድቅም ስልቱ አልጠፋም። ከኢትዮጵያም በኪያ ታደለ የሚመራው ያጥሬዳ የተባለው የቤተሰብ ከያንያን ቡድን የአገሩን ታሪክና አለባበስ በሚንቀሳቀስ ጥቁርና ነጭ ምስል እየቀረጸ በዚሁ መንገድ አቀረበ፤ በ2016 ዓ.ም. የአሜሪካው የቶሌዶ ሙዚየም ሥራቸውን አሳይቷል። እነዚህ ከያንያን በስማቸው መዝግበው በስማቸው ሸጡ። ሸማኔው ያጣው ይህን ነው።

ነገር ግን መዝገቡ የሚያውቀው ማን ቀድሞ እንደ ጻፈ እንጂ ማን እንደ ሸመነ አይደለም። አንድ እንግዳ የድንጉዛን ጥለት ፎቶግራፍ አንሥቶ በስሙ ቢያስመዘግብ መዝገቡ ይቀበለዋል፤ ከተቀበለውም በኋላ አይፋቅም። ለሸማኔው ጥንካሬው ራሱ አደጋ ይሆንበታል። በጋሞ የዱቡሻ ጉባኤ አንድ ሰው ንብረት የእኔ ነው ቢል ሽማግሌዎች ከማን እንዳገኘው፣ ማን እንዳየው ይጠይቁታል፤ ምስክሩ በመልኩ የሚታወቅ ጎረቤት ነው። ኮምፒዩተሮቹ ይህን ጥያቄ አይጠይቁም።

በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ትምህርት ሚኒስቴር ከካርዳኖ ብሎክቼይን ሠሪዎች ጋር ለአምስት ሚሊዮን ተማሪዎች የዲጂታል መታወቂያና የውጤት መዝገብ ለማዘጋጀት መስማማቱ ሲገለጽ፣ በዕቅዱ ውስጥ የተማሪውን ማንነትና ውጤት አረጋግጦ ወደ መዝገቡ የሚያስገባው ትምህርት ቤቱ ነበር። በሽሮ ሜዳም ሆነ በጨንቻ፣ ሸማው ከመቁረጫው ሳይወርድ፣ ማን እንደ ሸመነው አይቶ የሚጽፍ እንዲህ ያለ ተቋም ገና የለም።