በ600 ዶላር የተከፈተው መጽሐፍ ቤት

ኒው ዮርክ የምትኖሩ፣ ወይም ለሰርግም ለለቅሶም ብላችሁ ብቅ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎች፣ ብሮድዌይና 12ኛ መንገድ የሚገናኙበት ማዕዘን ላይ ያለውን «ስትራንድ» የሚባል መጽሐፍ ቤት ሳታዩት አትቀሩም። ቀይ ሸራ ጥላው ላይ «18 ማይል መጽሐፍ» የሚል ተጽፎበት የኖረ ቤት ነው። ከደጁ ባለ ጎማ መደርደሪያ ላይ በትንሽ ብር የሚሸጡ መጻሕፍት ተደርድረዋል፤ አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያገላብጣል። ስለ ግቢያችን የሚጽፉ ዘንድሮም ብዙ ናቸውና፣ እኔ ደሞ ይህ የቤተሰብ ንግድ እንዴት እንደተነሣ ላውጋችሁ። ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።

ቤቱን የከፈተው ቤንጃሚን ባስ የሚባል ከሊትዌኒያ የመጣ ስደተኛ ነው። አሜሪካ ገብቶ መጀመሪያ የሠራው ማንኛውም ስደተኛ የሚሠራውን ነው፤ ያገኘውን። መልእክት አደረሰ፣ ጨርቅ ሸጠ፣ የምድር ውስጥ ባቡር ግንባታም ላይ ሠራ። በምሳ ሰዓት ግን እግሩ የሚወስደው ወደ አራተኛ አቬኑ፣ ወደ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ነበር። መጀመሪያ «ፔሊካን» የሚባል ትንሽ ሱቅ ሞክሮ አልሆነለትም። በ1927፣ ገና በ25 ዓመቱ፣ ከራሱ 300 ዶላር፣ ከጓደኛው ደግሞ በብድር 300 ዶላር አድርጎ ስትራንድን ከፈተ። ስሙን የወሰደው ለንደን ውስጥ ካለው መንገድ ነው።

የከፈተው ሰው በሌለበት ሰፈር አልነበረም። ያ መንገድ «ቡክ ሮው» ይባል ነበር፤ እኛ ብንሆን «መጽሐፍ ተራ» እንለው ነበር። በዘመኑ 48 መጽሐፍ ቤቶች ጎን ለጎን ተደርድረውበት ነበር ይባላል። የንግድ ትምህርት የተማረ ሰው «ከ47 ተፎካካሪ መሃል ምን አገባው?» ሊል ይችላል። መርካቶ ያደገ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይጠይቅም። ሸማ የሚፈልግ ሸማ ተራ ይሄዳል፤ አንዱ ጋ ያጣውን ቀጥሎ ካለው ያገኛል። ገዢ የሚመጣው ተራው ስላለ ነው እንጂ ለአንዱ ሱቅ ብሎ አይደለም።

ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ የ1929 የገበያ ውድቀት መጣ። ዳቦ ያጣ ሰው መጽሐፍ አይገዛም። ባስ ኪራይ መክፈል ሲያቅተው አከራዩ ታግሦታል። ይህቺን ነገር ብዙ ሰው በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋታል፤ እኔ ግን የታሪኩ ሁሉ ቁልፍ እሷ ትመስለኛለች። ኋላ እንደምታዩት፣ ሌሎቹን 47 የጨረሳቸው የገዢ መጥፋት ብቻ አልነበረም። ኪራይ ነው።

ልጁ ፍሬድ ባስ በ1928 ነው የተወለደው። በ13 ዓመቱ ሱቁ ውስጥ መሥራት ጀመረ፤ ወለል ይጠርጋል፣ ይሸከማል። ከአባቱ ጋር መጽሐፍ ሊገዙ ይሄዱና በገመድ የታሰረ ጥራዝ በእጃቸው አንጠልጥለው በምድር ባቡር ይመለሱ ነበር። ገመዱ እጁን ይቆርጠው እንደነበር ሸምግሎም ያወራ ነበር። ብሩክሊን ኮሌጅ ገብቶ ተማረ፣ ውትድርናም ሄደ፣ ተመልሶ ግን ያው ወደ አባቱ ሱቅ። በ1956 ኃላፊነቱን ተረከበ፤ በዓመቱ ሱቁን ከአራተኛ አቬኑ አንሥቶ ዛሬ ወዳለበት ብሮድዌይ አዛወረው።

እንግዲህ ርካሽ መጽሐፍ ከየት ይመጣል? ፍሬድ ባስ ዕድሜውን የፈጀው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ከሱቁ በስተኋላ ባለው የግዢ ጠረጴዛ ተቀምጦ፣ ሰው በቦርሳም በካርቶንም ያመጣውን እያየ ዋጋ ይቆርጥ ነበር። ሰው ይሞታል፣ ቤት ይለውጣል፣ ይፋታል፤ መጽሐፉ ይቀራል። ሌላው ምንጭ ጋዜጠኞች ናቸው። አሳታሚዎች አዲስ መጽሐፍ እንዲተችላቸው በነፃ ይልኩላቸዋል፤ ጋዜጠኛው አንብቦትም ሳያነበውም ለስትራንድ በዋጋው ሩብ ይሸጥለታል፣ ስትራንድ ደግሞ በግማሽ ዋጋ ይሸጠዋል። አሳታሚዎች ይህን ነገር አይወዱትም ነበር፤ ግን ምን ያደርጋሉ፣ ለጋዜጠኛ መላካቸውን አይተዉ።

ሦስተኛው ምንጭ፣ ለእኔ ከሁሉም የሚያስገርመኝ፣ የአሳታሚ ትርፍራፊ ነው። እንበል አንድ አሳታሚ 10,000 ቅጂ አሳትሞ 6,000 ሸጠ። አሜሪካ ውስጥ መጽሐፍ ቤት ያልተሸጠለትን ለአሳታሚው መመለስ ይችላል፤ ልማዱ የሰፋው በዚያው በ1930ዎቹ ድቀት ጊዜ ሱቆችን ደፍረው እንዲያዝዙ ለማበረታታት ነው። የተመለሰው መጋዘን ይገባል፣ መጋዘን ደግሞ ገንዘብ ይበላል። ስለዚህ ወይ ተፈጭቶ ወረቀት ይሆናል፣ ወይ በጅምላ፣ ከማሳተሚያው ወጪ በታች ሳይቀር፣ ለርካሽ መጽሐፍ አከፋፋይ ይሸጣል። እንደ አዲስ ተመልሶ እንዳይመጣ በገጾቹ ጠርዝ ላይ በጥቁር ቀለም መስመር ወይም ነጥብ ይደረግበታል። ቤታችሁ ያሉትን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ከሥር ገልብጣችሁ እዩ፤ አንዱ ጋ አታጡትም። በብዙ ውል ከዚህ ሽያጭ ደራሲው ምንም አያገኝም። እኛ «በርካሽ አገኘሁት» ብለን ስንደሰት፣ እሱ በበኩሉ መጽሐፉ አለመሸጡን የሚያውቀው እንዲህ ነው።

በ1979 ደግሞ ከመጽሐፍ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነገሩን አባባሰው። ቶር የሚባል የሥራ መሣሪያ አምራች ኩባንያ ከግብር ሰብሳቢው ጋር ተካስሶ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና ተረታ። ዕቃህን በሙሉ ዋጋ ልትሸጥ መጋዘን አስቀምጠህ እያለ፣ ለግብር ሲሆን «ዋጋው ወድቋል» ማለት አትችልም ተባለ። ለአሳታሚዎች ይህ ማለት ቀስ ብሎ የሚሸጥ መጽሐፍ ይዞ መቆየት አክሳሪ ሆነ ማለት ነው። ቶሎ መፍጨት፣ ቶሎ ማራገፍ መጣ። የሒሳብ ትምህርት ክፍል ልጆች ይህን ከእኔ በተሻለ ያስረዷችኋል።

በደርግ ጊዜ የተማርን ሰዎች ርካሽ መጽሐፍ ለእኛ ብርቅ አልነበረም። ከሞስኮው ፕሮግረስ አሳታሚ የሚመጣው ሁሉ በኩራዝ በጥቂት ብር ይገዛ ነበር። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። የፕሮግረስን መጽሐፍ ያረከሰው መንግሥት ነው፣ ገና ሳይታተም፣ እንዲነበብለት ስለፈለገ። የኒው ዮርኩን ያረከሰው ግን አሳታሚው ይሸጣል ብሎ ገምቶ መሳሳቱ ነው። ለዚህ ነው በፊተኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ዓይነት ሐሳብ፣ በሁለተኛው ላይ የማይገናኝ ዓይነት ሁሉ የምታገኙት፤ ምግብ ማብሰያው ከፍልስፍናው ጋር ተደባልቆ። ለገሃርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ መሬት ላይ ዘርግተው የሚሸጡልን ልጆችም ከስትራንድ አጠገብ ብታስቀምጧቸው ባዳ አይሆኑም።

ወደ ኪራዩ ልመለስ። ከጦርነቱ በኋላ የሰፈሩ ኪራይ ናረ፣ ሕንፃዎቹ እየፈረሱ አፓርታማ ተሠራባቸው፣ የመጽሐፍ ተራ ሰዎች አንድ በአንድ ዘጉ። ፍሬድ ባስ በ1990ዎቹ ሱቁ ያለበትን ሕንፃ ራሱን በ8.2 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። መጽሐፍ ሲገዛ የኖረ ሰው ከገዛው ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። ከዚያ ወዲያ የሚያስወጣው አከራይ የለም።

ፍሬድ ባስ በጥር 2018 በ89 ዓመቱ ሞተ፤ ቤቱ ለልጁ ለናንሲ ባስ ዋይደን ቀረ። በ2019 ከተማው ሕንፃውን ቅርስ ብሎ መዘገበው። እሷ ግን ጥገና ባስፈለገ ቁጥር ፈቃድና ወጪ ይበዛብኛል ብላ ተቃውማ ነበር፤ አልሰሟትም። በ2020 ወረርሽኙ ሲመጣ ሠራተኞች ተቀነሱ፣ እነሱም ቅሬታቸውን በአደባባይ አሰሙ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ገቢያችን ወደ 70 በመቶ ወርዷልና ድረሱልን ብላ ደንበኞቹን ተማጸነች። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ብቻ ወደ 25,000 ትእዛዝ ጎረፈ፤ በደጁም ሰልፉ ማዕዘኑን ዞረ። ከመጽሐፍ ተራ 48 ሱቆች ዛሬም በሩን ከፍቶ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው። ቤት የምትለውጡና መጽሐፍ የበዛባችሁ እዚያ አካባቢ ካላችሁ፣ በካርቶን አድርጋችሁ ሞክሯቸው። የአማርኛዎቹን ግን ለእኛው ማኅበር አስቀሩልን።