እርም ሳይወጣ

ሸዋ፣ መርሐቤቴ ውስጥ ጃጅተው የቆዩ ሽማግሌ ሲያርፉ ለቅሶው ቶሎ ይበርዳል። ነጠላውን አዘቅዝቆ የመጣው ጎረቤት ልጆቹን «ዕድሜ ጠገቡ፤ ተገላገሉ፤ እናንተም ዐረፋችሁ» ብሎ ያጽናናል። ክፋት የለበትም። ሽማግሌው በውድቅት ሌሊት በር ከፍተው ሲወጡ፣ የገዛ ልጃቸውን «የማን ልጅ ነህ?» ሲሉ አይቷል። ማጽናኛው ግን ልጆቹን ብቻቸውን ያስቀራቸዋል። አባታቸውን ማጣት የጀመሩት ከዓመታት በፊት፣ ስማቸው ከአባታቸው አፍ በጠፋ ዕለት ነበር። ያን ጊዜ ድንኳን አልተጣለም፣ የእድር ጥሩንባም አልተነፋም። በቁሙ ላለ ሰው ማልቀስ ሟርት ነውና እንባቸውን ጓዳ ውስጥ ጠርገው ወጡ።

ሸዋ ይህን የመሰለ ሐዘን በቤተ መንግሥትም አይታለች። አንጎለላ የተወለዱት ዐፄ ምኒልክ ደጋግሞ በመታቸው ስትሮክ ከ1890ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እየደከሙ ሄዱ። የደብረ ሊባኖስ ጠበልም የውጭ ሐኪሞችም ተሞከሩ። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸው ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ፤ በ1902 መጀመሪያ ደግሞ ከሁሉ የከፋው ሕመም አካላቸውን አስሮ አንደበታቸውን ዘጋ። እቴጌ ጣይቱም በዚያው ዓመት ከሥልጣን ተገፍተው ባላቸውን በማስታመም ተወሰኑ። የንጉሡ ደዌ ዛሬ አልዛይመር ከምንለው በሽታ ጋር አንድ ነው ማለቴ አይደለም። ለቤተሰቡ የነበረው ኑሮ ግን ይመሳሰላል፤ አባት አልጋው ላይ አለ፣ የሚመክረውና የሚቆጣው አባት ግን የለም።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ምኒልክ ሲያርፉ አዋጅ አልተነገረም። ሞቱ ተደበቀ፤ አስከሬናቸውም እዚያው ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ ቆየ። ጣይቱ ወደ እንጦጦ፣ ልጃቸው ዘውዲቱ ወደ ፋሌ ተላኩ። አገሩ በሹክሹክታ እያወቀ ደረቱን መምታት አልቻለም። ዘውዲቱም በአደባባይ አልቅሰው እርማቸውን የሚያወጡበት ቀን ሳያገኙ ዓመታት አለፉ። በ1909 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ የበአታ ለማርያምን ቤተ ክርስቲያን ለአባታቸው መካነ መቃብር አሠሩ፤ አስከሬኑም ወደዚያ ፈለሰ። በዚህ ሥራ ውስጥ ፖለቲካ እንዳለ አይካድም። እኔ ግን አስቀድሞ የሚታየኝ ለቅሶዋን የተነፈገች ልጅ ሐዘን ነው።

የገጠሩ ሰው ሕንፃ ባይኖረውም ሙሾ አለው። ለዓመታት ጃጅቶ ለሞተ ሰው ደግሞ ሙሾ ትልቅ ሥራ ይሠራል። አልቃሿ የመጨረሻውን ድካም አታነሣም። ሟቹ በጉልበቱ ሳለ እንዴት እንዳረሰ፣ የተጣላ እንዴት እንዳስታረቀ፣ እንግዳ እንዴት እንደተቀበለ፣ የሞላውን የጀማን ወንዝ እንዴት እንደተሻገረ እያነሣች ታስለቅሳለች። ልጁ በሽታው የወሰደበትን አባት በዚያች ሰዓት መልሶ ያገኘዋል። እንዲህ ያለ ለቅሶ በ«ተገላገሉ» ሲቀዘቅዝ የሚቀርበት ነገር ቀላል አይደለም።

ሙሾውም ግን የሚዘልለው አለ። ወንድሞቿ ከተማ ሲገቡ ቤት ቀርታ ያጠበች፣ ያጎረሰች፣ በገዛ አባቷ «ሌባ» ተብላ የተሰደበች ሴት ልጅ ታሪክ በአልቃሿ አፍ አይገባም። ድካም ሲበዛባት «ምነው ባረፉ» ብላ ያሰበችበትን ሌሊት ለማን ትንገረው? ሞቱ ሲመጣ ደግሞ ያ ሐሳብ እንደ በደል ይከብዳታል። የብዙ አስታማሚ ሐዘን የሚጠናው እዚህ ላይ ነው።

አስታማሚዎችን እንዲህ የሚያደክመውን አልዛይመርን ከተራ እርጅና ለይቶ ያሳየው ምርምር የመጣው በምኒልክ የሕመም ዘመን ነበር። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በጥቅምት 1899 ዓ.ም. ቱቢንገን ላይ በ55 ዓመቷ ስለሞተች ታካሚው አንጎል ለባልደረቦቹ አስረዳ። ሴትየዋ ገና አላረጀችም ነበር።

የመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ይህን በሽታ በሌላ በኩልም ታውቀዋለች። የፊልም ተዋናዩ ካርልሃይንዝ ቦም በ1974 ዓ.ም. የመሠረቱት ሜንሽን ፎር ሜንሽን የተባለው የረድኤት ድርጅት በከተማዋ እናት ሆስፒታልን ሠርቷል። እኚህን ሰው እንደ አባት የሚያዩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። በ2005 ዓ.ም. አልዛይመር እንደያዛቸው ተሰማ፤ ግንቦት 21 ቀን 2006 በ86 ዓመታቸው ኦስትሪያ ውስጥ ዐረፉ። እሳቸው ቢረሱም መርሐቤቴ የሚያስታውስላቸው ሰው አላጣችም። በየቤቱ ጃጅተው ላረፉት እናትና አባትም ይኸው ይገባቸዋል።

በለቅሶው የሚጎድለው ግን ያቺን ቤት ቀርታ አባቷን ያስታመመች ሴት ልጅ የሚጠይቃት ሰው ነው። በሰልስት ንፍሮው ሲቀርብ፣ አለዚያም በአርባው ካህናቱ ጸሎታቸውን ከጨረሱ በኋላ፣ ታላቅ ወንድሟ ራሱ «እነዚያን ዓመታት እንዴት አሳለፍሻቸው?» ይበላት። ስድቡንም፣ አባቷ ድንገት አውቀዋት በስሟ የጠሩባትን ቀንም፣ «ምነው ባረፉ» ያለችበትን ሌሊትም ሳታፍር ትናገር።